ድባቴና በስልክ የሚደረግ ሕክምና፦ የሐዋሳ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ሐዋሳ ተምሬ ሥራም እዚሁ አግኝቼ የቀረሁ ሰው ነኝ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ድባቴ ያዘኝና በስልክ ታከምኩ። ይህን ሁለት ሰው ከሰማ በኋላ «እስቲ አንድ ነገር ላማክርህ» የሚለኝ በዛ። አብዛኛው «ለጓደኛዬ ነው» ብሎ ይጀምራል። በየቴሌግራሙ ከምደጋግመው እዚህ ላስፍረው አልኩ። ሐኪም አይደለሁም። ከታች ያለው ያየሁትና እየጠየቅኩ የተማርኩት ነው። መኖር ያስጠላው ሰው ካለ ሌላውን ይተወውና «ሙት ሙት ይለኛል» ወደሚለው ጥያቄ ይውረድ።

«ደበረኝ» እና ድባቴ አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ግን አማርኛችን አምታቶናል። ክላስ ሲረዝም ደበረኝ እንላለን። ፊልም ካላማረን ይደብራል እንላለን። ከዚያው ሥር የወጣው ድባቴ ግን የሕመም ስም ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ዶርም ገብቶ «ደብሮኛል» ሲል ጓደኞቹ «ተነስ ባክህ፣ ሻይ እንጠጣ» ይሉታል። አይፈረድባቸውም። ልጁም ሌላ ቃል የለውም።

ሐኪሞች የሚያዩት ጊዜውንና ብዛቱን ነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል። ወይ ስሜት ጨፍግጓል፣ ወይ ድሮ ደስ ይል የነበረው ነገር ጣዕሙ ጠፍቷል፤ ከሁለቱ አንዱ የግድ ነው። ከዚያ እንቅልፍ ይጠፋል ወይ ይበዛል። ምግብ ይዘጋል ወይ ያለልክ ይበላል። ጉልበት ያልቃል። ሐሳብ አልሰበሰብ ይላል። ሰውነት ይጎተታል፣ ወይም ደግሞ መቀመጥ መቆም ያቅታል። ሰውየው ራሱን ከንቱ አድርጎ ያያል። ሞትን ያስባል። ከእነዚህ ዘጠኝ ምልክቶች አምስቱ አንድ ላይ መጥተው ኑሮን ካሰናከሉ ነገሩ ተራ መደበር ብቻ አይደለም።

እኔን ያነቃኝ ለቅሶ አልነበረም። የአርሰናል ጨዋታ ነበር። ከዶርም ልጆች ጋር ዲኤስቲቪ ቤት ገባን። ጎል ገባ፤ ቤቱ ሙሉ ከወንበሩ ተነሳ። እኔ ቁጭ ብዬ የማኪያቶዬን አረፋ አያለሁ። ደስ አላለኝም። አልከፋኝምም። ምንም። ከልጅነቴ ጀምሮ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ሌላ ሰው ስለ እኔ የሚያወራልኝ ያህል ነበር።

በብዙዎቻችን ላይ ደግሞ ጨጓራ፣ ራስ ምታትና የወገብ ሕመም መስሎ ነው የሚመጣው። አንድ ክሊኒክ ስለ ጨጓራዬ ሦስቴ ተመላልሻለሁ፤ ስለ እንቅልፌ የጠየቀኝ አልነበረም። በተቃራኒው የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ መድከም ድባቴ ሊመስሉ ይችላሉ። አንድ ጊዜ ደም መመርመሩ አይከፋም።

ራሱን መገመት የሚፈልግ «ፒኤችኪው-9» የሚባለውን መጠይቅ በአማርኛ ይፈልግ። ዘጠኝ ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይታሰባል፤ ጣሪያው 27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ «ባለሙያ አነጋግር» ማለት ነው እንጂ በሽታው ተረጋገጠ ማለት አይደለም።

እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?

አይደላችሁም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በ8 አገሮች ያሉ 19 ዩኒቨርሲቲዎችን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጠይቆ ነበር፤ ወደ 14 ሺህ ተማሪ። ከሦስቱ አንዱ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ የአእምሮ ሕመም አጋጥሞታል። ከሁሉም በዝቶ የተገኘው ድባቴ ነው። ከአፍሪካ የተካተተችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ወደኛ ግቢ አላመጣውም። ግን ፍሬሽ ሆኜ የነበርኩበትን ብሎክ ሳስብ አይገርመኝም።

ኦንላይን ቴራፒ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ከባለሙያ ጋር በቪዲዮ ወይም በድምፅ በቀጠሮ ማውራት ነው፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ። ሁለተኛው በጽሑፍ መመላለስ ነው። ሦስተኛው እንደ ኮርስ የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው፤ ክፍል በክፍል እያነበባችሁ መልመጃ ትሠራላችሁ።

ለምን በስልክ ካላችሁ፣ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነው። የሚመቻችሁ ባለሙያ እዚያ ከሆነ በየሳምንቱ መናኸሪያ ሄዳችሁ ሚኒባስ ልትሳፈሩ ነው? ሌላው ምክንያት ይሉኝታ ነው። ሐዋሳ ሰፊ ትመስላለች እንጂ ፒያሳ ላይ አንድ ጊዜ ከዞራችሁ ሦስት የክላስ ልጅ ታገኛላችሁ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ ተሰልፎ መታየት ለብዙ ሰው ከሕመሙ የባሰ ነው።

በስልክ ወሬ ሰው ይድናል?

እኔም ያንኑ ነበር ያልኩት። «ወሬማ ዶርም ሞልቷል።»

ድባቴ ላይ በደንብ የተጠናው የንግግር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ የጀመረው ነው። ሐሳብ፣ ስሜትና ድርጊት እንዴት እንደሚጎታተቱ እያሳየ አንዱን በመቀየር ሌላውን ይቀይራል። ይህ ሕክምና ወደ ኢንተርኔት ከገባ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ተመራማሪዎች 39 ጥናቶችን ሰብስበው የ9,751 ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ መረመሩ። ሕመሙ ቀላል በሆነባቸው ሰዎች ላይ ፕሮግራሙን ብቻቸውን የሠሩትም፣ ሰው እየደወለ የረዳቸውም ተቀራራቢ ውጤት አገኙ። ከዚያ ከፍ ያለ ድባቴ ላይ ግን ሰው ያገዛቸው በልጠው ተገኙ።

ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ድባቴ የያዘው ልጅ አፕሊኬሽን አውርዶ በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሕመሙ ራሱ «ምን ዋጋ አለው» ነው የሚለው። ሐሙስ 10 ሰዓት ላይ የሚደውል ሰው ካለ ግን ቢያንስ ፊቱን ይታጠባል።

በጣም ለከፋ ድባቴ፣ ለሌለ ድምፅ መስማት፣ ወይም እንቅልፍ ሳያምረው ቀናትን በግለት ለሚያሳልፍ ሰው ስልክ አይበቃም። በአካል መታየት አለበት።

ዶርም ውስጥ ስድስት ነን። የት ሆኜ ላውራ?

ትልቁ ጣጣ ይኸው ነው። ሰው ሁሉ ስለ ኔትወርክ ይጨነቃል፤ እኔ ያቃተኝ በር የሚዘጋበት ቦታ ነበር።

ከባለሙያዬ ጋር የመጀመሪያ ቀጠሮዬን ያደረግኩት የላይኛው አልጋዬ ላይ ጋቢ ተከናንቤ ነው። ባለሙያዋ «ድምፅዎ አይሰማኝም» ትላለች፤ እኔ አንሾካሹካለሁ። ከታች ያለው ልጅ ድንገት ጋቢውን ገለጥ አደረገና «አንተ፣ ማንን ነው የምትጠብሰው?» አለኝ። ዶርሙ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ዘጋሁት። የሃምሳ ደቂቃ ከፍዬ ያወራሁት ስምንት ደቂቃ ነው።

ከዚያ በኋላ ቦታ ማደን ጀመርኩ። ባዶ ክላስ ጥሩ ነው፤ ግን ጨበሳ (የፈተና ጥናት) የያዘ ልጅ ሰተት ብሎ ይገባል። ዶርሙ ራሱ በምሳ ሰዓት ባዶ ይሆናል፤ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ካፌ ሰልፍ ላይ ነው ሁሉም። ደረጃ ሥር ድምፅ ያስተጋባል፤ አትሞክሩት። ከሁሉም የሚሻለው እየተራመዱ ማውራት ነው። ኢርፎን አድርጎ የሚራመድ ተማሪ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ እናቱን እያናገረ ይመስላል።

ኋላ ላይ የኔ ክሊኒክ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ቦታ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሯጮቹ ተመልሰዋል፣ ለሽርሽር የሚመጣው ገና ተኝቷል። ውሃው ዳር አንድ ዛፍ መረጥኩ። ጀርባዬን ለግንዱ፣ ፊቴን ለሐይቁ። ካቦርት የደረበ ሽማግሌ የመሰለ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እንደ ዘበኛ ፈንጠር ብሎ ይቆማል። አንድ ቀን እናቴ ሆስፒታል ስለተኛችበት ጊዜ እየተናገርኩ ለውዝ የሚያዞር ልጅ መጣና ቆመ። ዓይኔን አየ። ከዚያ አንድ ጥቅልል ለውዝ ጉልበቴ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ብር አልጠየቀኝም። «ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ ባለሙያዋ። በዚያን ጊዜ «አንተ» ማለት ጀምራ ነበር። የሆነውን ነገርኳት። ስለ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት የዚያን ዕለት ነው።

ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። ሐይቁ ዳር በጊዜና ሰው ባለበት ይሁን፤ ሲመሽ ብቻችሁን አትሂዱ። አንዲት የማውቃት ልጅ ምስጢሯን ከምታውቅ ጓደኛዋ ጋር ትሄዳለች። ጓደኛዋ ሃያ እርምጃ ራቅ ብላ ሃንዳውት ታነባለች።

ከባለሙያው ጋር የምስጢር ቃልም ተስማሙ። የኔ «አሳይመንቱን እልክልሃለሁ» የሚል ነበር። እሱን ካልኩ ሰው መጥቷል ማለት ነው፤ እሷ ወሬ ትቀይራለች።

ኔትወርኩ ቢቆራረጥስ? ዳታ አይበላም?

ቪዲዮ ይበላል፤ ድምፅ ብዙም አይበላም። በድምፅ ብቻ ማውራት ደግሞ ጉድለት አይደለም። እኔ የባለሙያዬን ፊት ያየሁት አራተኛው ቀጠሮ ላይ ነው፤ እንዲያውም ሳታየኝ ማውራት ቀሎኝ ነበር። አስቀድማችሁ ግን ተስማሙ፦ መስመሩ ከተቋረጠ ማን ይደውላል? በስንት ደቂቃ ውስጥ? ኢንተርኔቱ እምቢ ካለ በተራ ስልክ ይቀጥላል ወይ? ይህ ካልተነገረ ሰው ልቡን ከፍቶ መሃል ላይ ሲቋረጥ «ሰለቸኋት» ብሎ ያስባል። ድባቴ ሁሉን ነገር ወደዚያ ነው የሚተረጉመው።

ገንዘብ የለኝም።

ዋጋው ከባለሙያ ባለሙያ ይለያያል። ከመጀመራችሁ በፊት ቁርጡን ጠይቁ። ለተማሪ ቅናሽ አለ ወይ ማለት አያሳፍርም። በየሳምንቱ ካልቻላችሁ በየአስራ አምስት ቀኑ እንዲሆን ጠይቁ። ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ በቴሌብር ወይም በባንክ ነው፤ ደረሰኙን አስቀምጡ።

ጨርሶ ከሌለ መጀመሪያ የግቢውን የምክር አገልግሎት ሞክሩ። ተማሪው አይጠቀምበትም፤ ካውንስለር የሚባለው ሰው ዲን ቢሮ የሚያስጠራ ይመስለዋል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና አለው። በግል ከመታከም የመንግሥት ሆስፒታል ይቀላል።

እንዲህ ያለ እርዳታ ከትልቅ ሐኪም ብቻ የሚገኝም አይደለም። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ባለሙያ ሲያጥረው የሰፈር አያቶችን አሠለጠነ። ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደረገ፤ አያቶቹ እዚያ ተቀምጠው የመጣውን ሰው ያነጋግራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት የሰዎቹ ድባቴ በእውነት ቀንሶ ተገኘ። ይህን ሳነብ ያቺ የሐይቁ ዛፌ ትዝ አለችኝ።

ባለሙያውን እንዴት አምናለሁ?

እኔ መጀመሪያ የተታለልኩ ሰው ነኝ። ቴሌግራም ላይ «ላይፍ ኮች» ነኝ የሚል አገኘሁ። የአራት ቀጠሮ በአንዴ ከፈልኩ። የመጀመሪያውን ቀን አርባ ደቂቃ ስለራሱ አወራኝ። እንዴት ከድህነት እንደወጣ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚተኛ። «ችግርህ አስተሳሰብህ ነው፤ ቀይረው» አለኝ። ሁለተኛውን ቀን ስልጠና ሊሸጥልኝ ሞከረ። ሦስተኛው ቀን አካውንቱ የለም። ከብሩ ይልቅ የጎዳኝ «ሕክምናውንም ሞከርኩት፣ አልሠራም» ብዬ አራት ወር መቀመጤ ነው።

ስለዚህ ጠይቁ። ምን ተማርክ? የሙያ ፈቃድ አለህ? ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፤ በንግግር ነው የሚያክመው። በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶችና የጤና መኮንኖችም አሉ፤ አገራችን ውስጥ ትልቁን ሸክም የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ደህና ባለሙያ እነዚህን ጥያቄዎች ሲሰማ አይቆጣም። የሚቆጣ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ።

«በሦስት ቀን አድንሃለሁ» የሚል፣ ፎቶ ላኪልኝ የሚል፣ ከቀጠሮ ውጪ ማታ ማታ «ምን ለበስሽ» የሚል ሰው ባለሙያ አይደለም። ብሎክ።

በአማርኛ ብቻ ነው?

ግድ አይደለም። ግቢው ከየአቅጣጫው የመጣ ተማሪ ነው። ሲዳሙ አፎ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ወላይትኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ባለሙያ ፈልጉ። አንዱ የኦንላይን ጥቅም ይኸው ነው፤ ባለሙያው የትም ከተማ ሊሆን ይችላል። ሰው የሚያለቅሰው በእናቱ ቋንቋ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ምን እባላለሁ?

ባለሙያዋ ልጅነቴን ትቆፍራለች ብዬ ነበር። «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ምን ሠሩ?» አለችኝ። በሰዓት በሰዓት። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነቃሁ፣ ስልክ ነካካሁ፣ ተመልሼ ተኛሁ፣ ቁርስ አልሄድኩም፣ ክላስ አልሄድኩም። ስናገረው ለራሴ ደነገጥኩ። ቀኑ ውስጥ ሰው የለበትም።

የሰጠችኝ የቤት ሥራ አንድ ሸሚዝ ማጠብ ነበር። አንድ። ሁለት እንዳላጥብ አስጠነቀቀችኝ። ተናድጄ ነበር፤ ለዚህ ነው የከፈልኩት? ዓላማውን ያስረዳችኝ ቆይታ ነው። ድባቴ የያዘው ሰው «ደስ ሲለኝ እነሳለሁ» ይላል። ሕክምናው ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ ትንሽ ነገር ታደርጋለህ፣ ስሜቱ ቀስ ብሎ ይከተላል። ያን ሸሚዝ ያጠብኩት በአምስተኛው ቀን ነው። ገመዱ ላይ አስጥቼው ሰው እንዳይሰርቀኝ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ፀሐይ መታኝ። ከዚያ በፊት መቼ ፀሐይ እንዳየሁ አላስታውስም።

በኋላ ወደ ሐሳቦቹ ገባን። «ኤፍ ካመጣሁ አባቴ አይችለውም» እል ነበር። «ማስረጃህ ምንድን ነው?» አለችኝ። ወንድሜ ከግቢ ተባርሮ ሲመለስ አባቴ ምን አደረገ? ዶሮ አሳረደለት። ረስቼው ነበር።

መድኃኒት ያስፈልገኛል?

ቀላል ድባቴ በንግግር ብቻ ሊሻል ይችላል። ከበድ ካለ ሁለቱ አብረው ቢሄዱ ይመረጣል። እኛ አገር በብዛት የሚታዘዙት ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። ዛሬ ውጦ ነገ መሳቅ የለም፤ ለውጡ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ቀድሞ ይመጣል፤ ሰው የሚያቋርጠውም ለዚህ ነው። ከተሻላችሁ በኋላም ለወራት ይቀጥላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከ9 እስከ 12 ወር ይላል። በራሳችሁ በአንዴ አታቋርጡ።

ዕድሜያችሁ ከ25 በታች ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከባሰ ወዲያው ለሐኪሙ ንገሩ። የጓደኛን መድኃኒት መጋራት አይታሰብም።

ጸበል ላይ ነኝ። ይጋጫል?

አይጋጭም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናንን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ነበር። ለድባቴም ያው ነው። ግቢ ጉባኤውም፣ ፌሎውም፣ ጀመዓውም ሰውን ብቻውን እንዳይሆን ስለሚያደርጉ ይጠቅማሉ። የማልስማማው «እምነትህ ደክሞ ነው» ከሚል ጋር ነው። ያን የሰማ ልጅ ሁለት ሸክም ይዞ ነው የሚተኛው።

ጫት ስቅም ይለቀኛል።

ለምርቃናው ሰዓት ይለቃችኋል። ከዚያ እንቅልፍ የለም፣ ከዚያ ዱካክ አለ፣ ጠዋት ደግሞ የባሰ ጨለማ። አልኮልም እንዲሁ ነው። አልሰብክም፤ ግን ለባለሙያው አትደብቁ፤ ከሕመሙ የቱ የጫቱ እንደሆነ መለየት አለበት።

ቤተሰቤ ወይም ግቢው ይሰማብኛል?

ባለሙያ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ከዚህ የሚወጣው ሕይወታችሁ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ነው፤ ይህንንም ገና በመጀመሪያው ቀን ሊነግራችሁ ይገባል።

ምስጢር የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ስልካችን ነው። የዶርም ጓደኛ ሁሉ ፓስወርዳችሁን ያውቃል። የመልእክቱ ማሳወቂያ ስክሪን ላይ እንዳይታይ አጥፉት። ቴሌግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ተራው ቻት አካውንታችሁ በተከፈተበት ኮምፒውተር ሁሉ ይታያል፤ ላይብረሪ ከፍታችሁ ረስታችሁ የወጣችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ዝጉት። ምስጢራዊ ቻት የሚለው ግን በጀመራችሁበት ስልክ ላይ ብቻ ነው የሚቀረው።

ትምህርቱን መቀጠል ካቃታችሁ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። በሐኪም ማስረጃ ዊዝድሮው (ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቶ መውጣትና ኤፍ ሰብስቦ መባረር በጣም ይለያያሉ። መመለሻውን በር የሚከፍተው ያቺ ወረቀት ናት።

ሙት ሙት ይለኛል።

ይህን የምታነቡት አሁን ከሆነ ማንበቡን አቁሙና ለአንድ ሰው ንገሩ። አጠገባችሁ ላለው። ለዶርም ልጅ፣ ለፕሮክተር (ለዶርም ተቆጣጣሪው)፣ ለጥበቃው ጋሼ። «ራሴን እንዳልጎዳ ፈርቻለሁ፤ ብቻዬን አትተወኝ» በሉ። ቃል ማሳመር አያስፈልግም። ራሳችሁን ልትጎዱበት የምትችሉትን ነገር ለዚያ ሰው ስጡት ወይም ከቦታው ራቁ። ከዚያ አብራችሁ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ሌሊትም ይሠራል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ባጃጅ ከቀደመ በባጃጅ። የስልክ ቀጠሮ አትጠብቁ።

እንዲህ ያለው ሐሳብ ሲመጣ ለዘላለም የሚቆይ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ይነሳል፣ ይበረታል፣ ከዚያ ይረግባል። እስኪረግብ ሰው አጠገባችሁ ይኑር።

ጓደኛዬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

እሺ። ጓደኛችሁን በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ስለማጥፋት ታስባለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይከትበትም፤ ይልቁንም የሚገላገል ብዙ ነው። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት። አይ ካለ ደግሞ «እንዲህ አስብ፣ እንዲያ አስብ» ከማለት ቀጠሮውን አብራችሁ ያዙለት፣ ቁጥሩን ፈልጉለት፣ ሲያወራ በር ላይ ጠብቁለት። ያ ጋቢዬን የገለጠው ልጅ ከወር በኋላ ነገሩን ሲሰማ ምንም አላለም። በነጋታው በምሳ ሰዓት የዶርሙን ልጆች «ካፌ ሥጋ አለ!» ብሎ ነድቷቸው ወጣ። ሥጋ አልነበረም።

ከኤአይ ጋር ባወራስ?

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሐሳብ ለመጻፍ ይሆናል። የአማርኛው ይዘት አንዳንዴ ያስቃል። ግን ስትጠፉ ፈልጎ አይደውልም፣ በችግር ጊዜም ሆስፒታል አያደርስም። በሰው ምትክ አልመክረውም።

ስንት ጊዜ ይወስዳል? ካልሠራልኝስ?

ሙሉው ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ነው። አጭሩም አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አንዱ 5 ቀጠሮ ብቻ ነው። ከአምስት ስድስት ቀጠሮ በኋላ ምንም ለውጥ ከሌለ ለባለሙያው በግልጽ ንገሩት። ሰው መቀየር ይቻላል። ይሉኝታ ይዟችሁ «እየተሻለኝ ነው» እያላችሁ አትክፈሉ።

ፋይናል ሳምንት ላይ ቀጠሮዬን ልሰርዝ?

አትሰርዙ፣ አሳጥሩት። የኔዋ በፈተና ሳምንት ሃያ ደቂቃ ብቻ ነበር የምታናግረኝ። ስለ ፈተናው አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። «ምሳ ምን በላህ?» አለችኝ። ሽሮ አልኳት። «ጨረስከው?» አለችኝ። ጨርሼው ነበር።